ልጄ፣ እውነተኛውን ካሳ በውሸት አታበላሺው

ልጄ፣ መኪናሽ ተጋጭታ ጋራዥ በቆመችበት በዚህ ሳምንት መካሪ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ። አንዱ «ስትነጂ የነበርሽው አንቺ ነሽ በያቸው» ይልሻል። ሌላው «ፕሮፎርማውን ከፍ አድርገው ይጻፉልሽ፣ ኢንሹራንስ እንደሆነ ቆርጦ ነው የሚከፍለው» ይልሻል። ለአንቺ ብለው ነው፤ ክፋት የላቸውም። እኔ ግን ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ስኖር፣ እንዲህ ያለውን ምክር ሰምቶ እውነተኛ ጉዳቱን ሳይካስ የቀረ ሰው ብዙ አይቻለሁና ከእነሱ በፊት እኔን ስሚኝ።

ወንድምሽ ከሜክሲኮ ሲመጣ ግራ ቀኙን ሳያይ ታጥፎ ከሚኒባስ ጋር ተጋጨ። ጥፋቱ የእሱ ነው። መንጃ ፈቃዱ የጸና ነው፣ አልጠጣም፣ ፖሊሲሽም ፈቃድሽን ያገኘ ሌላ ሰው እንዳይነዳ አይከለክልም። ታዲያ የምትደብቂው ምንድን ነው? የኢንሹራንስ ውል እስከ ዛሬ የሚመራው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲወጣ የኢንሹራንሱን ክፍል አልነካውም። የዚያ ሕግ አንቀጽ 663 መድን ሰጪው በድንገተኛ ነገር ብቻ ሳይሆን በመድን ገቢው ቸልተኝነት ለደረሰውም ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል። የማይከፍለው ሆን ተብሎ ለደረሰ ጉዳት ነው። አረቦን የምትከፍይው እንዲህ ላለው ስህተት ነው፤ ሰው ሁሉ ጠንቅቆ የሚነዳ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ሽፋን ማን ይገዛ ነበር? ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ፣ ሕጉ የሸፈነለትን ጥፋት ለመሸፈን ሲል ሕጉ የማይሸፍነውን ውሸት ይዋሻል።

ውሸቱም አያዛልቅም። የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ላይ የወንድምሽ ስምና የመንጃ ፈቃዱ ቁጥር ሰፍሯል፣ የሚኒባሱ ረዳት በስልኩ ፎቶ አንስቷል። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ከፕላኑ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል፤ የመጀመሪያ ሥራው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ ግጭቱ መሆኑ ይቀርና ስለ አንቺ ይሆናል። ፖሊሲሽን ገልብጠሽ ብታይው፣ በማጭበርበር የቀረበ የካሳ ጥያቄ መብትን ሙሉ በሙሉ ያሳጣል የሚል አንቀጽ ሳታገኚበት አትቀሪም። በወንጀል በኩል ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አለ፤ በማታለል የማይገባ ጥቅም ለማግኘት የሞከረን ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ፕሮፎርማውን ያሳበጠልሽ ጋራዥም አብሮ ይጠየቃል።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ሞተር ክፍል ውኃ ገባበት። ጉዳቱ እውነተኛ ነበር፣ በፖሊሲውም የተሸፈነ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ክፍያው እንዲፈጥን ብለው፣ ማስጠንቀቂያ ደውሉ እንደጮኸና መርከበኞቹ ችላ እንዳሉት አድርገው የማያውቁትን ተናገሩ። ሁለት ፍርድ ቤቶች «ዋሽታችኋልና አንዳች አይከፈላችሁም» አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የበላዩ ፍርድ ቤት ውሸቱ ለካሳው መብት የሚያስፈልግ አልነበረም ብሎ ፈረደላቸው። አሸነፉ፤ ግን ያ የማያስፈልግ ውሸት ስድስት ዓመት ወሰደባቸው። አንቺ መኪናዋን ስድስት ወር ማቆም ትችያለሽ?

ወደ ፕሮፎርማው ልመለስ። የንብረት ኢንሹራንስ የጠፋውን መተኪያ እንጂ ማትረፊያ አይደለም፤ አንቀጽ 678 ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የአምናው የኋላ በር ጭረት አብሮ አይቀባም። ግምቱ አነሰ ካልሽ የራስሽን ባለሙያ አምጪ፣ የሌላ ጋራዥ ዋጋ አቅርቢ፣ ተከራከሪ። ይቆርጡብኛል ብሎ አስቀድሞ መጨመር ግን ትክክለኛውን ቁጥርሽን ጭምር የሚያምነው ሰው ያሳጣሻል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ፖሊሲውን ስትገዢ ፕሮፖዛል ፎርሙን የሞላው ወኪሉ ነው፤ አንቺ መጨረሻ ላይ ፈረምሽ። «ለግል አገልግሎት» ይላል። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜና እሑድ ራይድ ትሠሪባታለሽ። በአንቀጽ 667 መሠረት ውል ስትገቢ፣ መድን ሰጪው አደጋውን ለመመዘን የሚረዳውን የምታውቂውን ሁሉ በትክክል መግለጽ አለብሽ፤ በኋላም ሁኔታው ሲከብድ ማሳወቅ ግዴታሽ ነው። አንቀጽ 668 ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው ይለያል። ሆን ብሎ የደበቀ ወይም የዋሸ ሰው፣ የደበቀው ነገር ለመድን ሰጪው ውሳኔ የሚመዝን ከሆነ ውሉ ይፈርስበታል። ሳያውቅ ያጎደለ ግን ውሉ ይጸናለታል፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ከታወቀ ካሳው በአረቦኑ ልክ ይቀነሳል። 25,000 ብር መክፈል ሲገባው 20,000 የከፈለ ሰው፣ ከ300,000 ብር ጉዳት 240,000 ያገኛል ማለት ነው። ጎድሎ ማግኘትና ምንም አለማግኘት የሚለያዩት በሐሳብሽ ነው፤ ሐሳብሽን ደግሞ ዳኛው የሚያነበው ከሥራሽ ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በኋላ ከሌላ ሰው ቢሰሙት ሆን ብለሽ የደበቅሽ ትመስያለሽ።

አሁን ደግሞ ለእነሱ ብቻ የቆምኩ እንዳይመስልሽ። «አጭበርብራለች» ማለት ቀላል ነው፤ ይህን የሚል ድርጅት ማስረዳት አለበት። ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ካሳሽ ውድቅ ከተደረገ ምክንያቱ ከነአንቀጹ በጽሑፍ ይሰጠኝ በይ፤ በስልክ የተነገረሽን አትቀበዪ። ብዙው ፖሊሲ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ አስነብቢው። አንድ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ውል አሻሚ ሲሆን ለሌላው ወገን እንደሚተረጎም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያውቃል። ይህ ለአንቺ ትልቅ ጉልበት ነው።

ማጭበርበር ሳይኖርም ክርክር ይነሳል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ታያለሽ። ፖሊሲሽ ላይ ያለው የድሮው ግምት ከሆነ ከዋጋዋ በታች ነው የተሸፈነችው፤ ጉዳቱም በዚያው መጠን ይካፈላል። ብዙ ሰው ይህን «ዘረፉኝ» ብሎ ያማርራል፣ መከላከያው ግን በየእድሳቱ ግምቱን ማሳደግ ነበር።

አደጋውን ባወቅሽ በ5 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብሽና ይህ ሳምንት ሳያልፍ ሂጂ። የክስ ይርጋው 2 ዓመት ነው፤ «እየታየ ነው፣ ነገ ተመለሽ» ሲሉሽ ዓመቱ እንዳያልቅብሽ። ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት ፖሊሲው ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ መኖሩን እዪ። ቅጹ ላይ ወንድምሽ እንደነዳ፣ ሳያይ እንደታጠፈ ጻፊ፤ ስለ ራይዱ ለብቻው ደብዳቤ አስገቢ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺና ቤት አስቀምጪው።