የትምህርት ቤት በርና የመንገድ ሐቅ



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ለዑለማዎች ከሚቀርብ ይልቅ ለትራፊክ ፖሊስ ቢቀርብ የሚሻል ይመስል ይሆናል። ነገሩ ግን የሰው ሐቅ ያለበት ነውና ብናስብበት አይከፋም። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አንድን ነገር ለልጃቸው ብለው በማድረጋቸው ብቻ፣ በዚያ ሳቢያ በሌላው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ይነሳላቸዋልን?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ግቢ ውስጥ የተከፈቱ ናቸው። በራቸው ፊት ያለው መንገድም ለሰፈሩ ሰው ታስቦ የተነጠፈ ጠባብ ኮብልስቶን ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደዚያ ብቅ ብትሉ የቤት መኪናው፣ የተማሪዎች ሰርቪሱና ኮንትራት ታክሲው በአንድነት ሲመጡ ታያላችሁ። የቀደመው በሩ ፊት ያቆማል። ቀጣዩ ቦታ ሲያጣ ከጎኑ ደርቦ ያቆማል። ሦስተኛው የጎረቤቱን የግቢ በር ዘግቶ፣ ፍሬቻውን እያበራ ወርዶ ይሄዳል፤ ፍሬቻ ማብራት እንደ ፈቃድ ወረቀት የሚቆጠር ይመስል! በሩ የተዘጋበት ጎረቤት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ቢኖረውም ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። የከሰዓት በኋላው ደግሞ ይብሳል፤ ጠዋት ልጅ አውርዶ የሚሄደው መኪና ከሰዓት ደወሉ እስኪደወል ድረስ ቆሞ ይጠብቃልና።

ደርቦ ያቆመውን ሰው ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ልጄን ላውርድ።» ውሸቱን አይደለም፤ ለእርሱ አንድ ደቂቃ ነው። ነገር ግን ከኋላው 20 የቤት መኪናና እያንዳንዳቸው 12 ሰው የጫኑ ሁለት ሚኒባስ ታክሲዎች ቆመዋል እንበል። በቤት መኪናዎቹ ውስጥ ሾፌሮቹን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ከ44 ሰው አንድ አንድ ደቂቃ ወስዷል። አንዳቸውንም አላስፈቀደም። ከእነዚህ ውስጥ በታክሲው የተሳፈረው ሰው መኪና የለውም፤ ምናልባትም የራሱን ልጅ በእግሩ አድርሶ ወደ ሥራው የሚሮጥ ነው። ከተማችን ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሄደው በእግሩና በታክሲ መሆኑን መኪና ውስጥ ሆነን ስንቆጣ በቀላሉ እንረሳዋለን።

በሌላ በኩል ወላጆችን እንዲሁ መውቀስም ፍትሕ አይደለም። ስንትና ስንቱ መንገዳችን የእግረኛ መሄጃ የለውም፤ ያለውም በሸቀጥና በአሸዋ ክምር ተይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችና ወጣቶችን በመግደል የመጀመሪያውን ቦታ የያዘው የመንገድ አደጋ ነው። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጇን ብቻውን አስፋልት አቋርጥ ብላ ለመላክ የምትፈራ እናት ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። የሚያሳዝነው መኪናን ፈርተን ልጃችንን በመኪና ስናመጣ፣ በእግሩ ለሚመጣው የጎረቤት ልጅ የሚያስፈራው መኪና የእኛው መሆኑ ነው።

«ታዲያ ምን አማራጭ አለን?» ትሉ ይሆናል። ይህ አባባል አዲስ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦችን በመንገድ ላይ ከመቀመጥ ባስጠነቀቋቸው ጊዜ፣ የምንነጋገርበት ሌላ ቦታ የለንምና ሳንቀመጥ አንችልም የሚል መልስ እንደሰጧቸው አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪይ ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። ልብ በሉ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ችግራቸውን አልካዱባቸውም። እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት አሏቸው። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁም ከዘረዘሯቸው ነገሮች አንዱ ሰውን ከማስቸገር መታቀብ ነው። አማራጭ ማጣት የተቀበሉት ምክንያት ነው፤ ነገር ግን የመንገዱን ሐቅ አላነሳም።

ሌላም አለ። በመንገድ ስፋት ሰዎች ሲከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መወሰናቸውን አቡ ሁረይራ አስተላልፈዋል። ሰባት ክንድ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (በ852 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት) ይህን ሲያብራሩ ምክንያቱ ጭነት የያዘ ሰው ሲገባና ሲወጣ እንዳይቸገር መሆኑን ያነሳሉ። በመንገድ ዳር ተቀምጦ ስለሚሸጥ ሰውም፣ መንገዱ ከሰባት ክንድ የሚበልጥ ከሆነ በትርፉ ላይ ከመቀመጥ እንደማይከለከል፣ የሚያንስ ከሆነ ግን መንገዱን በሌላው ላይ እንዳያጠብ እንደሚከለከል ያወሳሉ። እስቲ «ተቀምጦ የሚሸጥ» በሚለው ፋንታ «መኪና አቁሞ ልጅ የሚጠብቅ» እናድርገው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ቃል ለዛሬው የኮብልስቶን መንገዳችን የተጻፈ አይመስላችሁምን? (የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝተው አካባቢን እንደረዱ የሚናገሩ አሉ። በጭሱ ረገድ እውነታቸውን ነው፤ ስፋቱ ግን ያው ነው።)

የዑስማንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ያወጣው የመጀላ ሕግም በ926ኛው አንቀጹ በሕዝብ መንገድ ማለፍ የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ያጸናና አንድ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ይኸውም ሊወገድ በሚችል ነገር ሌላውን አለመጉዳት ነው። «ሊወገድ የሚችል» የሚለው ሐሳብ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ በሩ ድረስ መምጣቱ ሊወገድ የማይችል ነው፤ መንገድ ሊለቀቅለት ይገባል። ዛሬ የሚሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁለት እግር ያላቸው ልጆች መኪናዎች በሩን ሞልተውት የእርሱ መኪና ከሩቅ ይቆማል።

«ሥራ በኒያ ነው» ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። ኒያ የተፈቀደውን ሥራ ዒባዳ ያደርገዋል እንጂ በሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ሐላል አያደርገውም። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለሐቁ ይቅር ካላለ የሚያስፈራ ነገር ነው። በሶላት፣ በጾምና በዘካ ተሞልቶ መጥቶ፣ የበደላቸው ሰዎች ምንዳውን ተካፍለውት ባዶውን ስለሚቀረው ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ያልሰማ የለም። ገንዘብ የወሰድንበትን ሰው እናውቀዋለን፤ ሄደን ዐፉ በለኝ እንለዋለን። ከኋላችን ጡሩምባ ሲነፋ የነበረውን፣ በመስታወት እንኳ ዞረን ያላየነውን ሰው ግን የት አግኝተን ነው ዐፉ የምንባባለው?

ሸክሙ የወላጅ ብቻ አይደለም። በትንሽ ግቢ ውስጥ ብዙ መቶ ተማሪ የሚመዘግብ ባለቤት የክፍያውን ደረሰኝ ሲቆርጥ የጎረቤቶቹን መንገድ አብሮ እየሸጠ ነው፤ እነርሱ ግን ከዋጋው ሳንቲም አይደርሳቸውም። የትናንሾቹን መግቢያ ከትላልቆቹ ሩብ ሰዓት ማስቀደም ምን ያስወጣዋል? ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው ሕግ መኪና የሚገዛ ሰው ማቆሚያ ቦታ እንዳለው እንዲያረጋግጥ አስገድዳለች፤ በብዙ ሰፈሮቿም የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሰባስበው በእግራቸው ይሄዳሉ። ለንደን ውስጥ በብዙ መቶ ትምህርት ቤቶች ፊት ያለው መንገድ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ለመኪና ይዘጋል። መንገድ መዝጋት የመንግሥት ሥራ ስለሆነ የእኛ አቅም አይሆንም።

በአቅማችን ያለው ትንሽ ነው። አምስት መቶ ሜትር ቀደም ብሎ፣ መንገዱ ሰፋ ካለበት ቦታ አቁሞ የልጅን እጅ ይዞ መሄድ ሰባት ወይም ስምንት ደቂቃ ይወስዳል፤ አንድ የቁርኣን ምዕራፍ ለማሰማት ይበቃል። በአንድ ሰፈር ያሉ አራት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በተራ ቢያደርሱ በሩ ላይ የሚቆመው አራት ሳይሆን አንድ መኪና ነው። ይህ ግን ጎረቤትን ማወቅን ይጠይቃል፤ ልጅን ለሰው ማመንንም ይጠይቃልና ቀላል ነው አንልም።

የጁሙዓ ቀን በመስጂዶቻችን በር ላይ ስለሚቆሙት መኪናዎች ለምን ዝም አላችሁ የሚለን አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንመጣበታለን።