ይቅር የተባለ ሰው ይታመናል?

ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ነበር። በኋላ ግን መነኮሰ፤ ለሌሎች መነኮሳትም አባት ሆነ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች። ታዲያ ምእመናኑ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ፣ ከማረሚያ ቤት የወጣን አመልካች በምን ዓይን ያዩታል?

ጎንደር ጥያቄውን ታውቀዋለች። ቋራ የሸፈተውን ካሣ ኃይሉን በጉልበት መግዛት ሲያቅት፣ የዘመኑ ገዥ የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት፤ ሹመትም ተሰጠው። ካሣ ግን መልሶ ሸፈተ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ሰውየው ከሽፍትነት በላይ አቅም ነበረው፤ ሹመት ብቻውን ግን ታማኝ አላደረገውም።

ሕጉም ሁለት ፊት አለው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማጭበርበር የተፈረደበትን ሰው ከቅጥር ያግድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በበኩሉ፣ ቅጣቱን ፈጽሞ በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው በፍርድ ቤት ውሳኔ መብቱ እንዲመለስለትና ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ይፈቅዳል።

ይቅርታና አደራ አንድ አይደሉም። ገንዘብ ያጎደለን ሰው ወዲያው የካዝና ቁልፍ ማስያዝ የሕዝብን ንብረት ማቃለል ነው። በወጣትነቱ በድብድብ የታሰረን ሰው መንገድ እንዳይጠርግ፣ ችግኝ እንዳይተክል መከልከል ግን ፍርድ ቤት ያልወሰነውን ሁለተኛ ቅጣት መጨመር ነው።

ስለዚህ በጎንደር የአራዳ ክፍለ ከተማም ሆነ የየቀበሌው ቀጣሪዎች፣ ማመልከቻውን ከመመለሳቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጥፋቱ ምን ነበር? ስንት ዓመት አለፈው? ከሚይዘው ሥራ ጋርስ ይገናኛል?