ቀይነቱን የተወው ሐይቅ

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የተከበራችሁ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤

በሮም ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት በነበርንበት ዘመን፣ እንደ ብዙዎቹ ተማሪ ካህናት፣ የነሐሴን ወር በሰሜን ጣሊያን በትሬንቶ አውራጃ በሚገኝ አንድ የገጠር ቁምስና በማገልገል አሳልፈን ነበር። ከዕለታት በአንዱ ከቅዳሴ በኋላ የቁምስናው አባል የሆኑ አንድ አዛውንት፣ «አባ፣ ዛሬ የቶቬልን ሸለቆ ላሳይዎት» ብለው በመኪናቸው ይዘውን ሄዱ።

የቶቬል ሸለቆ ቫል ዲ ኖን ከተባለው ሰፊ ሸለቆ ተገንጥሎ፣ በጥድ ደን መካከል እየጠበበ ወደ ብሬንታ ተራሮች ይወጣል። በዚያም ከባሕር ወለል በላይ 1178 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሐይቁ ተዘርግቷል። ከዳር ሲያዩት ጠጠሩ እስኪቈጠር ድረስ የጠራ፣ ጥቂት ገባ ሲል እንደ ገብስ ቡቃያ አረንጓዴ፣ መካከሉ ደግሞ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ግራጫዎቹ የድንጋይ ተራሮች በላዩ ተገልብጠው ይታያሉ። ይህን ሁሉ ውበት የፈጠረውን እግዚአብሔርን ማመስገን ሲገባን፣ እኛ ግን አስቀድመን የጠየቅነው፣ «ቀዩስ የታለ?» ብለን ነበር። ሐይቁ በዓለም የታወቀው «ቀይ ሐይቅ» ተብሎ ነውና።

አዛውንቱ ፈገግ ብለው፣ ዛሬም «ቀይ የባሕር ሰላጤ» ወደሚባለው ጥግ አመለከቱን። «እንግዳ ሁሉ የሚጠይቀው ቀዩን ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚያ ጋ ውኃው ደም ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ግን እንደዚያ ቀልቶ አያውቅም» አሉን።

ስለ ቀይነቱ ሁለት ነገር ይነገራል። አንደኛው አፈ ታሪክ ነው። የራጎሊ ንግሥት ትሬዜንጋ የቱኤኖን ንጉሥ ላቪንቶን አላገባም ስላለች፣ እርሱ ሠራዊቱን አስከትቶ ዘመተባት፤ ንግሥቲቱም ከሕዝቧ ጋር በሐይቁ ዳር ተገደለች፤ ሐይቁም ደሟን እያስታወሰ በየዓመቱ ይቀላ ጀመር ይላል። ሁለተኛው የሳይንስ ሊቃውንት የደረሱበት ነው። በውኃው ውስጥ አልጌ ከሚባሉት ወገን የሆኑ፣ ቀይ ቀለም በውስጣቸው የሚያከማቹ ደቃቅ ፍጥረታት አሉ። በሞቃቱ ወራት ፀሐይ ስትበረታ እጅግ በዝተው ወደ ላይ ይንሳፈፉና፣ ነፋስ ወደ ጥጉ ሲሰበስባቸው ውኃውን ደም ያስመስሉት ነበር። ያበዛቸው ምግብስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተካሄደ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዋናው ምክንያት ከሐይቁ በላይ ባለው ግጦሽ ከሚሰማሩት ከብቶች ፍግ ታጥቦ የሚወርደው ናይትሮጂንና ፎስፎረስ ነበር። የከብት አያያዙ ሲለወጥ የሚወርደው ቀነሰ፤ ሐይቁም ቀይነቱን ተወ።

ልብ እንበል፤ ሐይቁን ያጠበው ሰው የለም። አልጌዎቹም ዛሬ ፈጽመው አልጠፉም፤ ጥቂት ሆነው በውኃው ውስጥ ይኖራሉ። የቀረው የሚያበዛቸው ምግብ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው።

በመመለሻችን አዛውንቱ በሳንዜኖ ወደሚገኘው የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን አስገቡን። በዚያው በቫል ዲ ኖን፣ እ.ኤ.አ. በ397፣ ከቀጰዶቅያ የመጡ ሦስት የወንጌል አገልጋዮች ተገድለዋል፤ ዲያቆኑ ሲሲኒዮስ፣ አንባቢው ማርቲርዮስና ደጅ ጠባቂው እስክንድሮስ። ከሦስቱ ካህን የነበረ አንድም የለም፤ እናንተ ዛሬ የምትደክሙበትን ሥራ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። ገዳዮቻቸው በተያዙ ጊዜ ክርስቲያኖቹ ደም በደም እንዲመለስ አልፈለጉም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሲለመን ገዳዮቹ በሞት እንዳይቀጡ ፈቀደ። ከዓመታት በኋላ ቅዱስ አውግስጢኖስ ለአንድ ባለ ሥልጣን በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ እንደ መልካም ምሳሌ ጠቅሶታል። በአንድ አገር፣ በአንድ በኩል ደምን በየዓመቱ የሚያስታውስ ሐይቅ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ በሌላው በኩል ደምን ያልቈጠረች ቤተ ክርስቲያን በታሪክ ትመሰከራለች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። እኛ ልጆች ሳለን አጎታችን በድንበር ጠብ ተገድለዋል። ገዳዩም በሕግ ተቀጥቶ፣ እስራቱን ጨርሶ፣ በዕድሜው ሞቷል። ነገር ግን በየዓመቱ በአጎታችን መታሰቢያ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ማዕድ ሲቀርብ፣ የገዳዩ ቤተ ሰብ ስም ለሕፃናቱ ይነገር ነበር፤ «ከእነ እገሌ ቤት ውኃ እንዳትጠጡ» ተብሎ። እኛም ይህን እየሰማን አደግን። ክህነት ከተቀበልን በኋላም እንኳ፣ በየቀኑ «አባታችን ሆይ» እየደገምን፣ በዚያ ደጅ ስናልፍ ፊታችንን እናዞር ነበር። ሐይቃችን በየዓመቱ ይቀላ የነበረው የአጎታችን ደም ስላልደረቀ አልነበረም፤ ከላይ የምናፈስበት ስላልቀረ ነው።

ወደ አገራችን በተመለስን ዓመት፣ በመታሰቢያው ቅዳሴ የአጎታችንን ስም ከጠራን በኋላ የገዳዩንም ስም ለነፍሱ ዕረፍት ጠራን። አንዲት አክስታችን ነጠላቸውን ሰብስበው ከቤተ ክርስቲያን ወጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገሩንም። እኛም አልፈረድንባቸውም፤ ያፈሰሱት ዕንባ ከእኛ ይበልጥ ነበርና። በሦስተኛው ዓመት በመታሰቢያው ዋዜማ አስጠሩንና፣ «አባ፣ የዚያ ሰው የልጅ ልጆች ስንት ናቸው? ነገ ቢመጡ እንጀራው ይበቃል ወይ?» አሉን።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በአገራችን ደም የፈሰሰባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ፍትሕ አይፈለግ አንልም፤ የሞቱትም ይረሱ አንልም። የአቤል ደም ከምድር መጮኹን ቅዱስ መጽሐፍ አልሸሸገም (ዘፍ 4፡10)፤ ነገር ግን ከእርሱ የሚሻል ነገር የሚናገር የክርስቶስ ደም እንዳለ ያስተምረናል (ዕብ 12፡24)። በየእሑዱ የምንቀርበው ወደዚህ ደም ከሆነ፣ በየማታው በምድጃ ዳር ለልጆቻችን የምንናገረው ምንድር ነው?

እናንት ወላጆች፣ የሟችን ስም ስታነሡ ደግነቱን አውርሱ እንጂ ጠላቱን አታውርሱ። እናንት መምህራን፣ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለውን ቃል ለሕፃናት ስታስጠኑ፣ ልጁ በቤቱ የሰማው ስም ካለ ለይታችሁ ዕወቁ፤ ስለዚያ ስም አብራችሁት ጸልዩ። ቂም በአንድ ቀን ላይጠፋ ይችላል፤ እንደ አልጌዎቹ ጥቂት ሆኖ በልብ ጥልቅ ይቀር ይሆናል። ምግቡን የከለከልነው እንደ ሆነ ግን ዳግመኛ ውኃውን ሁሉ ደም አያስመስለውም።

ያ ሐይቅ ቀይነቱን በማጣቱ ውበቱ አልጐደለም፤ ሰማይን የሚያሳይ ሆኗልና። የሰማዕታት አምላክ የእኛንም ልብ እንዲሁ ያጥራልን። አሜን።