የእንዶዱ ባለቤት ማን ነው?

እህቶቼ፣ እንዶድን የማታውቅ በመካከላችን ያለች አይመስለኝም። ሳሙና ብርቅ በነበረበት ጊዜ እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡት በእሱ ነው። ዛሬ የማነሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከወንዝ ዳር ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ እውቀት ንግድ ሲሆን ትርፉ የማን ነው?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ ብዙ ዓመት የፈጀ ምርምር ተደረገ።

በኋላ እንዶዱ ባሕር ተሻገረ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዥንጉርጉር ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት የፋብሪካዎችን ቧንቧ እየደፈነ አስቸገረ። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሆነው እንዶድ እሱንም እንደሚገድል አዩ፤ በ1990ዎቹ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ።

እዚያ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። በ1980 የወጣ ሕግ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘን ግኝት በስማቸው እንዲያስመዘግቡ ፈቀደ። ዩኒቨርሲቲው ያስመዘግባል፣ ለኩባንያ በውል ይሰጣል፣ ከሽያጩ ድርሻ ይቀበላል፤ ወይም ተመራማሪው ራሱ ኩባንያ እንዲከፍት ያግዛል። ክፉ ነው አልልም። ስንት ጥሩ ምርምር መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቀርቷል! ገንዘቡን የሚያፈሰውም ሰው ዋስትና ይፈልጋል።

«ሴቶቹ እኮ ልብስ አጠቡ እንጂ ቀንድ አውጣ አልመረመሩም» የምትል አትጠፋም። እውነቷን ነው። ግን እንዶዱን ከዱር ቅጠል ሁሉ ለይቶ፣ ፍሬውን አድርቆ፣ ፈጭቶ አረፋ ያስወጣውስ ማን ነው? ያም ምርምር ነበር፤ ስም ስላልተጻፈበት ዝም ብሎ የበቀለ መሰለን።

እኛ ይህን እናውቀዋለን። ማዳም ለእንግዶቿ «እኔ የሠራሁት ነው» ስትል ወጥ ቤት ቆመን ሰምተናል። ምግቡ ሲበላ ደስ ይለናል፤ የሚያመው እጃችን አለመቆጠሩ ነው።

ፓተንቱ ለሴቶቹ ይሰጥ አልልም። የትኛዋ ሴት፣ የየትኛው መንደር ተብሎ ይለያል? ባለ ዕዳው አበዳሪውን በስም አለማወቁ ግን ዕዳውን አይሰርዝለትም። ለአንዷ መክፈል ካልተቻለ ለመንደሩ ጤና ጣቢያ፣ ለንጹሕ ውሃ መክፈል ይቻላል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የማኅበረሰብን እውቀት የሚጠቀም አስቀድሞ እንዲያስፈቅድና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል። አዋጁ የወጣው ግን እንዶዱ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ «ከዚህ የማን ድርሻ አለበት?» የሚለው ጥያቄ ከውሉ በፊት መነሳት አለበት። ከተፈረመ በኋላ ሲመጣ ልመና ይመስላል። ሳያነቡ መፈረም ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ ለእኛ ማንም አይነግረንም።