አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም

ይህን ተረት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ሠላሳን የተሻገረች፣ በቤተ ክርስቲያን የምታገለግል ሴት ሰርግ ላይ ስትገኝ አንዷ አክስት ጠጋ ትልና «አንቺስ መቼ ነው? አንድ እንጨት አይነድም እኮ፣ ልጄ» ትላታለች። አክስት በፍቅር ነው የምትናገረው። ይሁን እንጂ ተረቱ ስለ ጋብቻ ምንም አይልም።

ተረቱ የሚናገረው ስለ ምድጃና ስለ ሽምግልና ነው። ማገዶ የለመደ ሰው እንደሚያውቀው ብቻውን የተማገደ ግንድ ይጨሳል እንጂ አይነድም፤ ሙቀቱን የሚመልስለት ሌላ እንጨት ከጎኑ ይፈልጋል። የአንድ ሰው ፍርድም ለአድልዎ ቅርብ ስለሆነ ሽማግሎች ሦስትም አምስትም ሆነው ይቀመጣሉ። ሰው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሌላ ሰው የግድ ባል ወይም ሚስት ይሁን ግን አልተባለም።

ትርጉሙን ያጠበብነው እኛ ነን፤ ምክንያቱም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 17 ዓመት ገደማ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ነው። እንዲህ ባለ አገር በሠላሳ አምስት ዓመቷ ያላገባች ሴት «ቆሞ ቀር» ትባላለች። ይህ ቃል በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥም ሲነገር መሰማቱ ያሳዝነኛል። ጌታችን አላገባም። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ ሌሎችም እንደ እርሱ ሳያገቡ ቢኖሩ እንደሚወድ በግልጽ ጽፏል። በቢታንያ ጌታ የሚያርፍበት ቤት የሁለት እህቶችና የአንድ ወንድም ቤት ነበር፤ ወንጌል ስለ ባልም ስለ ሚስትም አያነሳም።

ለነገሩ ቤተ ክርስቲያናችን ያላገባን ሰው ማክበር ታውቃለች። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጳጳሳት የሚመረጡት ከመነኮሳት ነው። ያገባው ተክሊል አለው፣ የመነኮሰው ቆብ አለው። ችግሩ ሁለቱም የሌላቸው ላይ ነው፤ ያልመነኮሰች፣ ያላገባችም፣ በየቀኑ ሥራ ውላ የምትገባ ምእመን። ጽዋ ማኅበርን እንመልከት። አባላቱ በየወሩ በአንድ ቅዱስ መታሰቢያ ቀን በየተራ እየደገሱ ይገናኛሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ለባለ ተራ ይተላለፋል። በአንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ አከራይዋ እንግዳ የማይወድላት ሴት ግን ተራዋን እንዴት ታወጣለች? ማንም ሳያስወጣት ቀስ ብላ ትቀራለች።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደገ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከወጣቶቹ ይወጣል፤ የጥንዶች ፕሮግራም ደግሞ አይመለከተውም። ላላገቡ ተብሎ ጉባኤ ሲዘጋጅም ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ የትዳር ጓደኛ አመራረጥ ይሆናል። ላላገቡ የሚሰጥ አገልግሎት ሰዎችን ካለማግባት የማስወጫ በር ብቻ መሆን የለበትም። የታመመ ወላጅ የሚጦረው፣ የታናናሾቹን ትምህርት የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያላገባው ልጅ ነው። ስለዚህ ሸክም፣ ስለ ንጽሕና ትግል፣ ስለ እርጅና ፍርሃት የሚጸልይለት ማን ነው? በኦርቶዶክሱም በኩል የፋሲካ ሌሊት ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሊገድፍ ወደየቤቱ ሲሄድ ያላገባው ከማን ጋር ይገድፋል? ለአንድ ሰው ተብሎ አሥራ ሁለት ብልት ዶሮ አይሠራም።

ተረቱን የሚክድ ያላገባ ሰውም አለ። «እኔና አምላኬ እንበቃለን» ብሎ ከማኅበርም ከጸሎት ቡድንም የሚርቅ ሰው ትኩሳት ጥሎት ውሃ የሚያቀብለው ሲያጣ፣ እንጨቱ ብቻውን እንደማይነድ ይረዳል። በዚህ ተረቱ እውነት ነው፣ አልከራከረውም።

ሁለተኛው እንጨት ከየት እንደሚመጣ ግን ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። ምግብና የቤት ኪራይ ካሰባሰቡላቸው መካከል እንደ እነሱው በሰው ቤት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ። ባል ያላትም የሌላትም እዚያ ብቻዋን ነበረች፤ እሳቱ ግን ነደደ።

አክስት የማትጠቅሰው የተረቱ ሁለተኛ ግማሽ፣ «አንድ ሰው አይፈርድም» የሚለው፣ ይበልጥ ያሳስበኛል። በብዙ አጥቢያዎች ሽማግሌ የሚመረጠው ከባለትዳሮች ነው፤ «የአንዲት ሚስት ባል» የሚለው ለጢሞቴዎስ የተጻፈው መልእክት መስፈርት ጋብቻን እንደሚያስገድድ ተደርጎ ይነበባል። እንዲህ ከተነበበ መልእክቱን የጻፈው ጳውሎስ ራሱ ሽማግሌ መሆን አይችልም። ያላገቡት በሌሉበት ስላላገቡት የሚወሰን ውሳኔ ያው የአንድ ሰው ፍርድ ነው።

እናም የአጥቢያ መሪዎች ሆይ፣ ቀጣዩን ኮሚቴ ስትመርጡ ካላገቡት መካከል አብሯችሁ የሚፈርድ ሰው አስቀምጡ። የማኅበር አባላትም፣ ተራዋ የደረሰባት እህት ክፍሏ ከጠበበ አትዝለሏት፤ ቤታችሁን አውሷትና እርሷ ታስተናግድ።