የዘመኑ ስህተት

ለሳይንስ ትምህርት ጄኔቫ የሚሄድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ቀኑን ለሁለት ይከፍላል፤ ጠዋት ሌክቸር፣ ከሰዓት በኋላ ጉብኝት። ጠዋት ሰርን ገብቶ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀበረው፣ ቅንጣቶችን እያጋጨ ስለሚመረምረው የ27 ኪሎ ሜትር ቀለበት ይሰማል። ቲም በርነርስ ሊ ዌብን ያቀረበው እዚሁ ነው፣ በ1989 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን ናቸው)። በ1993 ደግሞ ተቋሙ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። እንደኔ ኮድ ሲጽፍ ለሚያድር ሰው ቦታው መሳለሚያ ነው። ከሰዓቱ ግን ለብዙዎች ፎቶና ቸኮሌት ነው፤ ከትምህርቱ ማረፊያ።

እኔ ደግሞ ከባዱ ትምህርት ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ሻምፔል በሚባለው ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው የሕክምና ፋኩልቲ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ድንጋይ ቆሟል። ሚካኤል ሰርቬተስ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ኦክቶበር 27 ቀን 1553 በእሳት የተቃጠለው እዚያ ሰፈር ነው። ሰውየው ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ በአውሮፓ ቀድመው ከጻፉት አንዱ ነበር። የተገደለው ግን በሳይንሱ አይደለም፤ ሥላሴንና የሕፃናት ጥምቀትን አልቀበልም በማለቱ ነው። የፈረደበት የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከክሱ ጀርባ ግን ዣን ካልቪን ነበር። ድንጋዩን በ1903 ያቆሙት ራሳቸው የካልቪን ተከታዮች ናቸው። ጽሑፉ ግድያውን ያወግዛል፤ ግን የዘመኑ ስህተት ነበር ይላል።

እውነት ለመናገር፣ ሰበቡ ባዶ አይደለም። ሰው የሚያየው ባደገበት መነጽር ነው። ከ470 ዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ መፍረድም ምንም አያስከፍልም።

ችግሩ ሴባስቲያን ካስቴሊዮ ነው። እሱም የዚያው ዘመን ሰው ነው፤ ጄኔቫ ውስጥ ትምህርት ቤት መርቷል፣ ካልቪንን ያውቀዋል። በ1554 ባዝል ላይ ሆኖ፣ ሰውን በእምነቱ መግደልን የሚቃወም መጽሐፍ በብዕር ስም አሳተመ። ታዲያ ስህተቱ የዘመኑ ከሆነ፣ ካስቴሊዮ የማን ዘመን ሰው ነው? ዘመን እኮ አይፈርድም፣ እሳትም አይለኩስም። ያንን የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው፤ አጠገባቸው ደግሞ ሁሌም «ተዉ» የሚል አለ።

በኛ ሙያ የዚህ ሰበብ ስም «ሁሉም አፕ እኮ ያደርገዋል» ነው። የተጠቃሚውን ስልክ ቁጥሮች፣ የት እንዳለ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ እንሰበስባለን። ስብሰባ ላይ «ይሄ መረጃ ምን ያደርግልናል?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፤ ሥራ ጎታች ይባልና ይታለፋል። እሳት አላነደድንም፣ ልክ ነው። ሰበቡ ግን ያው ነው። የልጅ ልጆቻችን ስለኛ «ጊዜው እንደዛ ነበር» ቢሉ፣ ያ ልጅ እንዳልነበረ ይቆጠራል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ጠዋቱና ከሰዓቱ የማይነጣጠሉት። ጠዋት ሰው ምን ያህል ማወቅ እንደሚችል ይማራሉ፤ ከሰዓት፣ የተማረና የሚያነብ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል። ሻምፔል የደረሰ ተማሪ ድንጋዩን ዞሮ ይየው። የሰርቬተስ ስም አለ፣ የካልቪንም አለ። የካስቴሊዮ የለም።