ከዜሮ በላይ
መዝሙር እቀዳለሁ። ዘማርያን ደጋግመው «ድምፁን ጨምርልን፤ ኃይል ይኑረው» ይሉኛል። ግን ጩኸት የእምነት ብርታት ነውን? አይመስለኝም። በዲጂታል ቀረጻ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው። በ16 ቢት ፋይል ትልቁ ቁጥር 32,767 ሲሆን ከዚያ ያለፈ የሞገድ ጫፍ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። የድሮው ቴፕ እንኳ ቀስ በቀስ ነበር የሚያዛባው፤ ይኼኛው ምሕረት የለውም። በኋላ ድምፁ ቢቀነስም የተቆረጠው አይመለስም። ስለዚህ በ24 ቢት፣ አማካዩን ከጣሪያው 18 ዴሲቤል ያህል ዝቅ አድርጌ እቀዳለሁ። ዘማሪዋ ልቧ ተነክቶ ድምፅዋ በድንገት ከፍ ሲል የሚያልፍበት ቦታ ያገኛል። ኤልያስም በኮሬብ እግዚአብሔርን ያገኘው በብርቱው ነፋስ፣ በምድር መናወጡም ሆነ በእሳቱ ውስጥ አልነበረም። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እባካችሁ የማይኩን ጌን ቀንሱ።